ይህ ቅዱስ የማን እጅ ነው? የድሮ የሆላንድ ንድፍ ዕድሜውና ሠሪው እንዴት ይታወቃል

እንበልና አንድ ቡናማ ወረቀት እጃችሁ ገባ። ከመዳፍ ብዙም አይሰፋም። ላዩ ላይ ጺማም ሽማግሌ በቀለም ተነድፏል። ፊቱ መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ አጠገቡ የራስ ቅል አለ፤ ጥግ ላይ አንበሳ ተጋድሟል። ከግርጌ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «ሬምብራንት» ይላል፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ የሆላንድ ሠዓሊ ስም። ሻጩ ጽሑፏን በጣቱ እያሳየ ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል።

ሁላችንም መጀመሪያ የምንጠይቀው ያው ነው፤ «እውነት የሬምብራንት ነው?» ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ግን ይህን ጥያቄ ለመጨረሻ ያቆዩታል። እነሱ የሚጀምሩት ከሌላ ቦታ ነው። ወረቀቱ የመቼ ነው? ንድፉ ለምን ሥራ ተሠራ? በእነማን እጅ አለፈ? ስም ከመጣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አይመጣም፤ «ዩትሬክት፣ 1610 አካባቢ» ተብሎ ይቀራል። እኔ በበኩሌ ከገነነ ስም ይልቅ እንዲህ ያለውን ቁጥብ መልስ አምናለሁ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቅዱሱ ማነው፣ ለምንስ ተነደፈ?

የምዕራብ አውሮፓ ሠዓሊዎች ቅዱሳንን የሚለዩት በያዙት ነገር ነው። እኛ ክንፍ ያላቸውን፣ በአንድ እግራቸው የቆሙትን ጻድቅ ስናይ አቡነ ተክለ ሃይማኖት መሆናቸውን ለማወቅ ጽሑፍ አንፈልግም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሃርለም በተባለች የሆላንድ ከተማ የኖረ ሰውም እንደዚያው ነበር። ግንብ ካለ በርባራ ናት። መንኮራኩርና ሰይፍ ካለ ካትሪና ናት። ጭልፊት እጁ ላይ ያሳረፈ መስፍን ካየ ደግሞ የከተማው ጠባቂ ቅዱስ ባቮ ነው። ይሄ የመጨረሻው ጥሩ ፍንጭ ነው። ባቮ በተለይ የሚከበረው በሃርለምና በሄንት ስለሆነ፣ እሱን ያዘዘ ሰው ከየት አካባቢ እንደነበር ይጠቁማል።

የእኛው ሽማግሌ፣ አንበሳና መጽሐፍ ያለው፣ ቅዱስ ጄሮም ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው አባት። እሱን የሣለው ሰው ብዙ ስለሆነ ስሙን ማወቃችን ብቻውን የትም አያደርሰንም። አቀማመጡ ግን ሊያደርሰን ይችላል። በ1521 ጀርመናዊው አልብሬክት ዱረር አንትወርፕ እያለ አንድ ጄሮም ሣለ። ሞዴል ያደረገው የ93 ዓመት አዛውንት ነበር፤ ዕድሜውን ዱረር ራሱ ንድፉ ላይ ጽፎታል። ጄሮም እዚህ ሥዕል ላይ ከወገቡ በላይ ብቻ፣ በጣም ቀርቦ ይታያል። በአንድ እጁ ራሱን ደግፏል፤ በሌላኛው ጣት የራስ ቅሉን ይጠቁማል። ዓይኑ እኛ ላይ ነው። ዱረር ሥዕሉን እዚያው ለነበረ አንድ ፖርቱጋላዊ ሰጠው፤ ዛሬ ሊዝበን ይገኛል። የአዛውንቱ ንድፍ ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ ነው። የአንትወርፕ ሠዓሊዎች ይህን ጄሮም እንዳዩት ወደዱት፤ እየደጋገሙ ቀዱት። ስለዚህ የእናንተ ሽማግሌ ያንኑ አቀማመጥ ይዞ፣ ያችኑ ጣት የራስ ቅሉ ላይ ካሳረፈ፣ ንድፉ ከ1521 በፊት ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል። ዕድሜ መገመት ማለት ይኸው ነው። «ከዚህ በፊት አይሆንም» የሚል አንድ ወሰን፣ «ከዚህ በኋላ አይሆንም» የሚል ሌላ ወሰን ታበጃላችሁ። ከዚያ መሃሉን ማጥበብ ነው።

ታሪክም ወሰን ያበጃል። በ1566 የቅዱሳንን ምስል የሚቃወሙ ፕሮቴስታንቶች ምስል የመስበር ማዕበል በኔዘርላንድስ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አለፈ። በተከታዮቹ ዓመታት በሆላንድና በዩትሬክት የካቶሊክ አምልኮ በአደባባይ ተከለከለ። ከዚያ በፊት ግን የቅዱሳን ንድፍ የዕለት ገበያ ነበር። ለምሳሌ ክብ ቅርጽ ያለው፣ በብዕር ተነድፎ በቀጭን ቀለም የተጠላ ትንሽ ቅዱስ ካገኛችሁ፣ ለመስኮት መስታወት የተሠራ ንድፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ክብ መስታወቶች ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 16ኛው አጋማሽ በጣም ይፈለጉ ነበር። በትልቁም ቢሆን የሃውዳ ከተማ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ወንድማማቾቹ ዲርክና ዋውተር ክራቤት ከ1555 ጀምሮ ለሠሯቸው መስኮቶች ያዘጋጇቸው፣ ልክ የመስታወቱን ያህል የሆኑ የወረቀት ንድፎች ዛሬም ተጠብቀዋል።

ከእገዳው በኋላ ቅዱሳን ጠፉ ማለት አይደለም። መኖሪያ ቤት በሚመስሉ ድብቅ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ተሰቅለዋል። ለአንትወርፕ ገበያ፣ መዳብ ላይ ተቀርጸው ወረቀት ላይ በሚታተሙ ምስሎችም ወጥተዋል። ንድፉ ለምን እንደተሠራ ስንጠይቅ መልሱ ከእነዚህ አንዱ ይሆናል።

መቼም ስሙም ዓመቱም ቢታወቅ ሁሉ ነገር አለቀ ማለት አይደለም። አንትወርፕ ሙዚየም ውስጥ ያለችው የያን ቫን ኤይክ ቅድስት በርባራ የመጀመሪያ ፍሬሟ አብሯት አለ። ፍሬሙ ላይ የሠዓሊው ስምና 1437 የሚል ዓመት ተጽፏል። በርባራ መጽሐፍ ይዛ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ትልቅ ግንብ እየተገነባ ነው፤ ጉንዳን የሚያካክሉ ሠራተኞች ድንጋይ ይጎትታሉ። አብዛኛው ነገር በቀጭን ብሩሽ የተሰመረ መስመር ብቻ ነው፤ ቀለም ያገኘው ሰማዩ ነው። ታዲያ ይሄ ያለቀ ንድፍ ነው ወይስ ቀለም ሳይቀባ የቀረ ሥዕል? እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

ወረቀቱን ወደ ብርሃን

አሁን ወረቀቱን መስኮት ላይ ያዙት። የድሮ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ ጨርቅ ነበር። ፈሳሹ የሚጠለለው በሽቦ ወንፊት ላይ ስለሆነ የሽቦው አሻራ ይቀራል። ጥቅጥቅ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች በአንድ በኩል፣ ራቅ ራቅ ያሉ ወፈር ያሉ መስመሮች በሌላ በኩል ይታያሉ። መስመር የሌለው፣ ልሙጥ ወረቀት ከሆነ ጨዋታው እዚያው አበቃ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት አውሮፓ ውስጥ መጠቀም የተጀመረው በ1750ዎቹ እንግሊዝ ነው። ሬምብራንት ደግሞ በ1669 ሞቷል።

ዕድለኛ ከሆናችሁ የውሃ ምልክትም ታያላችሁ። ወረቀት ሠሪው ወንፊቱ ላይ የሰፋት የሽቦ ምስል ናት፤ ቃጭል ያንጠለጠለ የቂል ቆብ፣ የአበባ ምልክት ያለው ጋሻ፣ የአምስተርዳም ከተማ አርማ። ስዊዘርላንዳዊው ብሪኬ በ1907 ባሳተመው መዝገብ እስከ 1600 ድረስ ያሉ ከ16,000 በላይ ምልክቶችን ስሎ ከነዓመታቸው አስቀምጧል። ወንፊቱ በየቀኑ ስለሚሠራበት ሽቦዋ ትጣመማለች፣ ትላላለች፣ ትሰፋለች። ስለዚህ ሁለት «አንድ ዓይነት» የሚመስሉ ቆቦች ሲለኩ በጥቂት ሚሊሜትር ይለያያሉ፤ ዕድሜ የሚነግረው ያ ልዩነት ነው። በሬምብራንት ህትመቶች ላይ ይህ ጥናት በጣም ርቆ ሄዷል። ከሞተ በኋላ ከዚያው መዳብ የታተሙት በራሱ ዘመን ከታተሙት የተለዩት በወረቀቱ ነው።

የወረቀቱ የትውልድ አገር አያሳስባችሁ። የሆላንድ ሠዓሊዎች እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በአመዛኙ የሚጠቀሙት ከፈረንሳይና ከጀርመን አገሮች የመጣ ወረቀት ነበር። የሚያናድደው ነገር ትንንሽ ንድፎች ተቆርጠው ስለሚቀሩ ብዙዎቹ የውሃ ምልክት የላቸውም። ያኔ የሚቀረው የመስመሮቹን ርቀት መለካት ነው።

«ካርቦን 14 አያስመረምሩትም እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሥራ አይረባም። ከወረቀቱ ቆርሶ መውሰድ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ላለው ጊዜ የሚሰጠው መልስ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የተዘረጋ ነው። ከዚያ ይልቅ አልትራቫዮሌት መብራት ይጠቅማል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወረቀት ውስጥ የገባው የማንጫ ኬሚካል በዚህ መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።

ቀለሙም ይናገራል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ከባሉጥ (ኦክ) ዛፍ እባጭና ከብረት ጨው የሚበጠበጥ ነው። ከተጻፈ ብዙም ሳይቆይ ይጠቁራል፤ ከዘመን ብዛት ቡናማ ይሆናል፤ ወፍሮ በተጻፈበት ቦታ ወረቀቱን ይበላዋል። ገልብጣችሁ ጀርባውን ብታዩ መስመሩ ሠርስሮ ወጥቷል። ዛሬ ሞቅ ያለ ቡናማ ሆኖ የምንወደው ንድፍ ሲሠራ ከሰል የመሰለ ጥቁር ነበር ማለት ነው። ሁለተኛው ከእንጨት ጥቀርሻ የሚወጣ ቡናማ ቀለም ነው፤ እሱ ወረቀት አይበላም። ሻጮች ቡናማ ያዩትን ሁሉ «ሴፒያ» ይሉታል። እውነተኛው ሴፒያ ከባሕር እንስሳ የሚወጣ ሆኖ ሠዓሊዎች ዘንድ የተለመደው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እናም ሻጩ ልክ ከሆነ ራሱን ነው የሚያጋልጠው።

ግራኝ የሆነው ቅዱስ

ወደምወደው ክፍል ደረስን። አብርሃም ብሉማርት (1566–1651) ዩትሬክት የኖረ ካቶሊክ ሠዓሊ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲነድፍ የኖረ ሰው ነው፤ ከሺህ በላይ ንድፎች ቀርተውለታል። ከእነዚህ መካከል በበረሃ የኖሩ መናንያን ይገኛሉ። ቦይቲዩስ ቦልስዌርት የተባለ ቀራጭ እነዚህን ንድፎች መዳብ ላይ እየቀረጸ ከ1612 ጀምሮ አሳተማቸው፤ በ1619 አንትወርፕ ውስጥ የግብፅና የፍልስጤም መናንያን መጽሐፍ ሆነው ወጡ። እኛ በስንክሳር የምናውቃቸው አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ እዚያ አሉ፤ የዩትሬክት ዛፍ በሚመስል ዛፍ ሥር ተቀምጠው።

መዳብ ላይ የተቀረጸ ምስል ሲታተም ይገለበጣል፤ ቀኙ ግራ ይሆናል። ስለዚህ ለህትመት የሚነድፍ ሠዓሊ አስቀድሞ ገልብጦ ይነድፋል። ቅዱሱ በህትመቱ ላይ በቀኝ እጁ እንዲጽፍ ከተፈለገ ንድፉ ላይ በግራው መጻፍ አለበት። እጃችሁ ላይ ያለው ጄሮም ብዕሩን በግራ እጁ ከያዘ ሠዓሊው ተሳስቶ አይደለም፤ ለህትመት የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የእጅ ባትሪ ወይም የስልክ መብራት ከጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አብሩበት። መስመሮቹን ተከትሎ የሄደ ቀጭን ጭረት ካለ፣ ቀራጩ ንድፉን ወደ መዳቡ ለማስተላለፍ በሹል ብረት ሄዶበታል። አገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ቀይ ወይም ጥቁር ጠመኔ ተፈግፍጎበታል? ያም ለማስተላለፊያ ነው። መጠኑ ከታተመው ጋር በሚሊሜትር ከገጠመ፣ ጭረትም ጠመኔም ካለ፣ አቅጣጫውም ግልባጭ ከሆነ፣ ነገሩ ጠንክሯል። ያኔ ህትመቱ ላይ ያለው ዓመት የንድፋችሁ «ከዚህ በኋላ አይሆንም» የሚለው ወሰን ይሆናል።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩ። ንድፉ ከህትመቱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይዞ፣ መስመር በመስመር ከተመሳሰለ፣ አንድ ተማሪ ህትመቱን ፊቱ አስቀምጦ የቀዳው ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል። ለብሉማርት ይህ ጣጣ የባሰ ነው። ልጁ ፍሬደሪክ የአባቱን ንድፎች ቀርጾ ለተማሪዎች የንድፍ መማሪያ አድርጎ አሳተማቸው። እጅ፣ እግር፣ የሽማግሌ ራስ፣ የጸሎት አንጋጣጭ ሁሉ አለበት። አውሮፓ ሙሉ ከዚያ ተማረ። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቡሼ ሳይቀር በ1735 ከብሉማርት የቀዳቸውን አሳትሟል። ስለዚህ «የዩትሬክት ቅዱስ» ተብሎ የቀረበ ወረቀት ፓሪስ ውስጥ ከመቶ ዓመት በኋላ የተነደፈ ሊሆን ይችላል።

የአንድ ሰው እጅ

እስካሁን ስለ ሠሪው ምንም አላልንም። አሁን ጊዜው ነው። ጣሊያናዊው ጆቫኒ ሞሬሊ፣ ሕክምና የተማረ ሰው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ብልሃት አመጣ። ፊትንና አቀማመጥን ተዉት፣ እሱን ማንም ይቀዳዋል አለ፤ ጆሮውንና ጥፍሩን እዩ። ሠዓሊ ሳያስብበት የሚሠራቸው ነገሮች ናቸው የሚያጋልጡት።

ለንድፍ ደግሞ መስመሩ ራሱ አለ። የጄሮምን ጣት ተጠግታችሁ እዩት። የራሱን ሐሳብ የሚነድፍ ሰው ይፈጥናል። መስመሩ ወፍሮ ይጀምርና ሾሎ ያልቃል። ጣቱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ዓይናችን ይዘጋዋል። አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ሞክሮ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ከፍ ያደረገበት ቦታ ይኖራል። የሚቀዳ ሰው ግን ይፈራል። መስመሩ ከላይ እስከ ታች እኩል ይወፍራል፤ መሃል ላይ ቆም ብሎ ዋናውን ያየበት ቦታ ላይ ቀለም ይጠራቀማል። ጣቱንም ጥንቅቅ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ግን ጣቱ አጥንት የለውም።

የሬምብራንት ነገር ከዚህም ይከብዳል። በንድፎቹ ላይ የሚፈርመው ከስንት አንዴ ነው። ተማሪዎቹ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጠው ያንኑ ታሪክ፣ ያንኑ ሞዴል፣ በዚያው ወረቀትና በዚያው ቀለም ይነድፋሉ። ፍሊንክ፣ ቦል፣ ማስ፣ ሆኽስትራተን ሁሉም አልፈውበታል። በርሊን የሚገኝ አንድ የብሥራት ንድፍ ነገሩን በደንብ ያሳያል። የነደፈው ኮንስታንታይን ቫን ሬነሰ የተባለ ተማሪ ነው። መስመሩ ቀጭንና ጥንቁቅ ነው። በላዩ ላይ ሌላ እጅ በወፍራም ብዕር መጥቶ መልአኩን አግዝፎታል። አስተማሪው ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሰው ማለት ነው።

ኦቶ ቤነሽ ከ1954 እስከ 1957 ባሳተመው ትልቅ መዝገብ ለሬምብራንት 1,400 ገደማ ንድፎች ሰጥቶ ነበር። ዛሬ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ግማሽ ያህሉን ነው። የቀሩት አስመሳይ አይደሉም፤ የተማሪዎቹ ናቸው። አንዳንዶቹ እንዲያውም በጣም ግሩም ናቸው።

ታዲያ ያቺ ከግርጌ ያለችው ስም? አብዛኛውን ጊዜ የሰብሳቢ ወይም የነጋዴ ጽሕፈት ናት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሰው የመሰለውን ጽፏል፤ አንዳንዴ ልክ ነው፣ አንዳንዴ ለገበያ ነው። በጽሕፈቱና በንድፉ ቀለም መካከል ልዩነት መኖር አለመኖሩ በኢንፍራሬድ ካሜራ ሊታይ ይችላል። ከስሟ ይልቅ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ማህተም ብታዩ ይሻላል። ሆላንዳዊ ዝርያ ያለው የለንደኑ ሠዓሊ ፒተር ሌሊ በ1680 ሲሞት ብዙ ንድፍ ትቶ ነበር። የውርሱ አስፈጻሚ ሮጀር ኖርዝ ከመሸጣቸው በፊት በእያንዳንዱ ላይ የሌሊን ስም ሁለት መነሻ ፊደላት አተመባቸው። ጨረታዎቹ በ1688 እና በ1694 ነበሩ። ማህተሟ እውነተኛ ከሆነች ንድፉ ከዚያ በኋላ የተሠራ ሊሆን አይችልም። ፍሪትስ ሉኽት የተባለ ሆላንዳዊ እንዲህ ያሉ የሰብሳቢ ማህተሞችን ሰብስቦ በ1921 አሳትሟል፤ ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይፈለጋል።

ማህተምም ይሠራል፣ ወረቀትም ይገኛል፤ ይሄን መርሳት የለብንም። እንግሊዛዊው ኤሪክ ሄቦርን ከድሮ መጻሕፍት ባዶ ገጽ ይቆርጥ፣ ቀለሙን በድሮው አሠራር ይበጠብጥ ነበር። ትልልቅ ሙዚየሞችን ሸውዷል። በ1978 የተነቃበት በወረቀት ነው። ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ ውስጥ ያሉ፣ የሁለት የተለያዩ ጣሊያናውያን ናቸው የተባሉ ሁለት ንድፎች አንድ ዓይነት ወረቀት ላይ ሆነው ተገኙ። ወረቀቱ እውነተኛ አሮጌ ነበር። አሮጌ ወረቀት የሚነግረን ንድፉ ከዚያ በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው።

ጨረታ ቤት ስትሄዱ

የጨረታ መዝገብ የራሱ ቋንቋ አለው። ስሙ እንደ ወረደ ብቻውን ከተጻፈ ቤቱ «የእሱ ነው» እያለ ነው። «የእሱ እንደሆነ ይታሰባል» ሲል እርግጠኛ አይደለም። «የወርክሾፑ» ማለት እሱ ባለበት ቤት የተሠራ ነው። «የክበቡ» ሲል በዘመኑ የነበረ፣ የሚያውቀው ሰው ነው። «የተከታዩ» ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። «በእሱ ስልት» ደግሞ ሃምሳም ሁለት መቶም ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። «ከእሱ የተቀዳ» ግልጽ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ዋጋው ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከመቶ እጅ ወደ አንድ እጅ።

ሆላንድም ሆነ ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ወረቀት ካጋጠማችሁ ከካርቶኑ ለመንቀል አትሞክሩ። ስኮች አትለጥፉበት፣ አታጽዱት፣ ፀሐይ ላይ አትስቀሉት። ጀርባው ከተለጠፈ የወረቀት ጥገና ባለሙያ በእርጥበት ቀስ ብሎ ያላቅቀዋል፤ የተደበቀ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያኔ ነው። ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ከጎን መብራት እያበራችሁ፣ ከኋላ ብርሃን እያሳለፋችሁ ፎቶ አንሱ። በሚሊሜትር ለኩት። ከዚያ ቅዱሱን በዘ ሄግ የሚገኘው የኔዘርላንድስ የኪነ ጥበብ ታሪክ ተቋም የመረጃ ቋት ውስጥ ፈልጉት፤ የራይክስሙዚየምና የብሪትሽ ሙዚየም ድረ ገጾችም ክፍት ናቸው። መጀመሪያ ንድፍ አትፈልጉ፤ ህትመት ፈልጉ። ያንኑ ቅዱስ ተገልብጦ ካገኛችሁት፣ ለባለሙያ ስትጽፉ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ላኩ። መልስ የማግኘት ዕድላችሁ በጣም ይጨምራል።